አጎበሩን አውጥቼ ፀጉር ማድረቂያ የከተትኩ ለት

ታናሽ ወንድሜ ለአንድ ሳምንት የስካውት ካምፕ ሊሄድ ነው። የሚሄደው ደግሞ ጋምቤላ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የክፍሉ ወለል ገበያ መስሎ ጠበቀኝ። ሁለት ጂንስ፣ ሦስት ኮፍያ፣ ሽቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ አምስት እሽግ ኢንዶሚ...

«እታለም፣ ሁሉን አዘጋጅቻለሁ! የቀረኝ ዚፑን መዝጋት ብቻ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«አጎበርህስ?»

«እነሱ ይሰጡናል መሰለኝ።»

ይቺን «መሰለኝ» ስሰማ ሳቄ ጠፋ። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እንዲሁ ብዬ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬውን ጨዋታ ያመጣሁላችሁ ለዚህ ነው። ታሪኩን ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ሻንጣ የሚያዘጋጅ ወጣት ብዙ ነውና ዝም ማለቴ ይብቃ አልኩ።

የፈረንጅ ዝርዝር

የስካውቶች መፈክር «ዝግጁ ሁን» ነው። ነገሩን የጀመሩት እንግሊዛዊው ባደን ፓወል ናቸው። ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዘው ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ድንኳን የተከሉት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1907፣ በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1899 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ካምፕ የቆየውም አንድ ሳምንት ያህል ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1941 ሞተው የተቀበሩት ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒየሪ ነው። በእኛም አገር ስካውት በንጉሡ ዘመን ነበር፤ በደርግ ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ ኋላ ላይ ዳግም ተቋቁሟል።

ታዲያ «ዝግጁ ሁን» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመስለን ሻንጣ ሙላ ማለት ነው። የሐሳቡ ባለቤት ያሉት ግን ሌላ ነው። ምን ሊያጋጥመኝ ይችላል? ያን ጊዜስ ምን አደርጋለሁ? ብለህ አስቀድመህ አስብ ነው ያሉት።

እኔ ያኔ አላሰብኩም። ስልኬን ከፍቼ «ለሰመር ካምፕ ምን ይያዛል?» ብዬ የፈረንጅ ዝርዝር አወጣሁ። የፈረንጅ ሰመር ፀሐይ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ። ስለዚህ «እኔ ብልጥ ነኝ» ብዬ ለአዲስ አበባ ክረምት የሚሆን ሹራብና ጃኬት ጨመርኩበት። የጋምቤላ ክረምት ዝናቡ እንዳለ ሆኖ እንደሚያቃጥል ማን ይንገረኝ! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ። ይህ ቁጥር የጂኦግራፊ ፈተና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መሪያችን የሰጠን ወረቀትም ነበር። አንደኛ ተራ ላይ «አጎበር፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ» ይላል። ድንኳን የምጋራት የልብ ጓደኛዬ የሷንም የኔንም አጎበር ገዝታ እኛ ቤት አመጣችው። ሻንጣው አልዘጋ አለ። «ሁለት አጎበር ምን ያደርግልናል? አንድ ድንኳን አይደል እንዴ የምንተኛው? አንዱ ይበቃናል» አልኳትና አንዱን አወጣሁ። በቦታው ምን የከተትኩ ይመስላችኋል? ፀጉር ማድረቂያ! ሳቁብኝ። ድንኳን ውስጥ ሶኬት የለም።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ

ጉዞው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርገን በሁለተኛው ቀን ጎሬ ስንደርስ ጉም ነበር፤ ሁላችንም ጃኬት ለብሰናል። ከዚያ መኪናው ቁልቁል ወረደ። አንድ በአንድ ልብስ ማውለቅ ተጀመረ፤ ጋምቤላ ስንገባ ሰው ሁሉ በካናቴራ ቀርቷል።

መናኸሪያው ጋ አንዱን የባጃጅ ሾፌር «ወደ ካምፕ ውሰደን» ስንለው «የቱ ካምፕ? ጀዊ ነው?» አለን። ግራ ገባን። ለካስ ጋምቤላ ላይ «ካምፕ» ማለት የስደተኛ ካምፕ ነው። እነጀዊ፣ እነኩሌ፣ እነቴርኪዲ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ለዓመታት የሚኖሩባቸው ቦታዎች ናቸው። እኛ ለጨዋታ አንድ ሳምንት ድንኳን ልንተክል መጥተናል፤ እነሱ መኖሪያቸው እዚያው ነው። የዚያን ለት ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን መሪያችን ይህን ሲነግረን ዘፈናችን ቀዝቀዝ አለ።

ሳምንቱ ግን ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ጠዋት ችግኝ ተከልን፣ ከሰዓት ቋጠሮ ተማርን፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር ኳስ ተጫወትን። የኑዌር ልጆች «ማሌ» ብለው ሰላም ሲሉን እኛም «ማሌ» ማለት ለመድን። የባሮን ዓሣ እስኪበቃን በላን።

«አንቺ ተኚበት»

የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለታችንም አንዷ አጎበር ውስጥ ታጭቀን አደርን። ሙቀቱ አይጣል ነው! ላብ በላብ ሆንን። በሁለተኛው ሌሊት ጓደኛዬ «አንቺ ተኚበት፤ እኔ ይሞቀኛል» ብላ ወደ ድንኳኑ በር ተጠጋች። «ኧረ ተይ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ቦታው ሰፋልኝና ደስ አለኝ። እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው አደርን። እሷ ጠዋት ጠዋት ክንዷን እያከከች ትስቅ ነበር።

አዲስ አበባ ደህና ገባን። ማንም አላመመውም። «ወባ ወባ ሲሉን የነበሩት የት አሉ?» ብለን ቀለድን።

«ዓሣው ነው»

በተመለስን በዘጠነኛው ቀን ጓደኛዬን ራስ ምታት ያዛት። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አላት፤ ቀጥሎ ትኩሳት። እናቷ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አጠጧት። አልተሻላትም። አንድ ክሊኒክ ወሰዷትና ደሟ ታይቶ «ታይፎይድ ነው» ተባለች፤ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። የት ነበርሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ልጠይቃት ስሄድ እናቷ እጄን ያዙኝ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ ልጄ፤ እዚያ ምን አግኝቷችሁ ነው? ምን በላችሁ?» አሉኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። አጎበር ሳይኖራት አምስት ሌሊት አድራለች፤ አጎበሩን ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ግን ፈራሁ። «ልጄን አንቺ ነሽ ያስበላሻት» የሚሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ ለጥያቄያቸው ብቻ መለስኩ፦ «ዓሣ በልተናል» አልኩ።

«በቃ! ዓሣው ነው!» አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱን ለዓሣው ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጓደኛዬ አላወቀችኝም። ዓይኗ ተከፍቷል፤ የምትናገረው ግን አይያያዝም። ሰው ተሰብስቦ ጠበል ይሻላል፣ ሐኪም ይሻላል ሲባባል አንድ ጡረተኛ ወታደር ጎረቤት ገቡ። ግንባሯን ዳሰሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስሚ ልጄ፤ በቀደም የት ነበርን ነው ያላችሁት?»

«ጋምቤላ።»

«ጋምቤላ! ታዲያ ምን ታይፎይድ፣ ታይፎይድ ይላሉ? ቆላ ወርዳ የመጣች ልጅ መጀመሪያ የምትመረመረው ወባ ነው! ተነሡ፣ መኪና ፈልጉ!»

ሆስፒታል ተወሰደች። ከጣቷ ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ ወባ፣ ያውም ጭንቅላት የሚመታው ዓይነት። ዘጠኝ ቀን ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ግን እስክትጠነክር ድረስ የዚያን ዓመት ግማሽ ትምህርቷን አጣች።

ሐኪሙ ያሉትን አልረሳውም። «ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ሳይታከም ከቆየ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። ከቆላ መምጣቷን በመጀመሪያው ቀን ብትናገሩ ኖሮ በኪኒን ድና ቤቷ ትቀመጥ ነበር» አሉ። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። «ጋምቤላ» የምትል ቃል። እኔ ነበርኩ የያዝኳት።

ሳምንቱ ስንት ቀን ነው?

ወጣቶች፣ ዋናውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። የካምፑ ሳምንት ሰባት ቀን አይደለም። የወባ ምልክት በአብዛኛው የሚታየው ትንኟ ከነከሰች ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ ነው፤ ሊዘገይም ይችላል። ማለትም ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ፎቶው ለጓደኛ ሁሉ ተልኮ፣ ልብሱ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ያለውን አንድ ወር ካምፕ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

«የአገሩ ሰው እኮ እዚያው ይኖራል» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የታመመ ሰው ሰውነቱ በከፊል ይለምደዋል፤ ያም ሆኖ የአገሩም ሰው፣ በተለይ ሕፃናት፣ ይሞታሉ። ከደጋ የሄደ ደግሞ ያቺ ልምድ እንኳን የለችውም። ነገሩ የድሮ ታሪክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ለወንድሜ ሻንጣውን ዘርግፌ እንደገና ሞላሁለት። እናንተም ብትፈልጉ ይኸው፦

አጎበር። ለራስህ አንድ፤ ከማንም ጋር አትጋራው። በመድኃኒት የተነከረውን አዲስ አጎበር ከመጠቀምህ በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሰው፤ ፀሐይ ላይ አታስጣው። ጠርዙን ከምትተኛበት ስፖንጅ ሥር ሸጉጠው። ቀዳዳ ካለው ስፋው። መስቀያ የሚሆን ሲባጎም ያዝ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ማታ እሳት ዙሪያ ስትቀመጥ ቁምጣህን ቀይረህ እጀ ረጅም ልብስና ካልሲ አድርግ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀባ።

የሐኪም ምክር። የወባ መከላከያ ኪኒን አለ። ለማን የቱ እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ባለሙያ ነው፤ ጓደኛህ የወሰደውን ዝም ብለህ አትዋጥ። ከመሄድህ በፊት ጊዜ ወስደህ ጠይቅ።

ውሃ። የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ካልሆነ አትጠጣ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ኮሌራ ተነሥቶ ሰው ሞቷል። ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ያዝ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ሳሙና አትርሳ።

ልብስ። ጃኬት አንድ ብቻ፣ እሱም ለመንገዱ። ብርድ ልብሱ ይቅርና አንሶላ ይበቃል። ጂንስ ከረጠበ አይደርቅም፤ ስስ ሱሪ ይሻላል። የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ። ሁሉንም ልብስ መጀመሪያ በፌስታል ጠቅልለህ ክተት። ጠዋት ጫማህን ሳታራግፍ እግርህን አታስገባ፤ እባብም ጊንጥም ሊያድርበት ይችላል። ባትሪ ያዝ፤ የስልክህ መብራት በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ለሴቶች። ሞዴስ ቀኑ ባይሆንም ያዙ፤ መንገድና ድካም ቀን ያዛባል። ያገለገለውን የምትይዙበት ጥቁር ፌስታልም አይረሳ።

ምግብ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። የምትጾሙ ለመሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እዚያ ሄዶ ማኩረፍ አይጠቅምም። ቆሎና በሶ ከኢንዶሚ ይሻላሉ፤ በሶ እሳት አይፈልግም።

ወንዙ። ባሮ ሲያዩት ይጋብዛል። አትግባ! አዞ አለው። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚያው ጋምቤላ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። በክረምት ደግሞ ወንዙ ይሞላል፤ ድንኳን ዳርቻው ላይ አይተከልም።

ሰዉ። ጋምቤላ የአኝዋክ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ አገር ነው። ሰው ቤት ነው የምትሄደው። ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሳ። ከተማዋ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ውጊያ አይታለች፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ወላጆች የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ። ልጆች ደግሞ መሪያችሁ ያለውን መውጫና መግቢያ ሰዓት አክብሩ።

የመጨረሻው ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ወረቀት ነው፤ ቤት የሚቀር። ወንድሜ በራሱ እጅ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል፦ «ከጋምቤላ የምመለሰው ነሐሴ 3። እስከ ጳጉሜን 3 ትኩሳት ከያዘኝ መጀመሪያ ወባ አስመርምሩኝ።» እናቴ አንብባ «ምነው! ሟርት አይሁንብን!» ብላ ልታነሣው ነበር። ሟርት አይደለም እማዬ፣ ተይው ብያታለሁ። እናንተም ሐኪም ፊት ስትቀመጡ፣ ሐኪሙ ጠየቀም አልጠየቀም፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ቆላ ነበርኩ» ይሁን። አጎበር ሳላደርግ ነው ያደርኩት ማለት ካለባችሁም በሉት። ከሐፍረት የሞተ የለም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። እሷ የአጎበሩን ነገር ድሮም ታውቀዋለች፤ «አብረን ነው ያጠፋነው» ትለኛለች ሁልጊዜ። እናቷ ግን አያውቁም ነበር። ቡና እየተፈላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፀጉር ማድረቂያውን፣ ሁለተኛውን ሌሊት፣ ያን ቀን እጄን ይዘው ሲጠይቁኝ ዝም ማለቴን።

ረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ስኒውን ሲያማስሉ ቆዩና፣

«ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ እቤቴ አልገባም» አሉ።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ።

«ወንድምሽ ነው አሁን የሚሄደው?»

«አዎ።»

«አጎበር ይዟል?»

«ይዟል። የራሱን።»

«እንዲያ ከሆነ ይሂድ» አሉና ስኒዬን ተቀበሉኝ።

ቸር ይግጠመን።